የባለ ሺህ ቁልፍ ንግግር

ቁልፌ ይሉታል። ስሙን ያወጣለት ሥራው ነው። ከገበያው መግቢያ ላይ፣ በጫማ መሸጫውና በፎቶ ቤቱ መካከል በተሸጎጠች ሱቅ ውስጥ ቁልፍ ይቀርጻል። ሱቋ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ ቆሞ ተራውን ይጠብቃል። ከጀርባው ገና ጥርስ ያልወጣላቸው ቁልፎች ግድግዳውን ሞልተው ተሰቅለዋል፤ ከፊቱ ሞርሳው፣ ሞረዱና መቅረጫ ማሽኑ አሉ። ማሽኑ ሲጮህ አላፊ አግዳሚው ጆሮውን ይይዛል። ቁልፌ ግን ጩኸቱን ይወደዋል፤ ማሽኑ እየጮኸ ማንም ሰው ተናገር አይለውም።

ቁልፌ ተብታባ ነው። ይህን አለሳልሶ የሚናገርለትን ሰው እሱ ራሱ አይወድም። ቃሉ ከንፈሩ ድረስ ይመጣና ይቆማል። አንዳንዴ የመጀመሪያው ድምፅ እየተደጋገመ ይወጣና ቀሪው ውስጥ ይቀራል፤ አንዳንዴም ጭራሽ ትንፍሽ ሳይል አፉ እንደተከፈተ፣ የአንገቱ ሥር እንደተገተረ ይቆያል። ልጅ ሳለ መምህሩ ስም ሲጠሩ «አቤት» ለማለት ሲታገል፣ ተራው አልፎ ከእሱ በኋላ ያሉት ሁሉ አቤት ብለው ይጨርሱ ነበር። በዚህ የተነሳ ፊት ለፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ቀሪ ሲባል ከረመ። በመጨረሻ አባቱ ተጠርተው መጡና «ልጅዎ ትምህርት ቤት አይመጣም» ተብለው ሲወቀሱ፣ ልጁ የአባቱን ኮት ይዞ አጠገባቸው ቆሞ ነበር።

ቁልፍ ቀራጭነትን የወደደውም ለዚሁ ነው። ሰው መጥቶ ቁልፉን ባንኮኒው ላይ ያኖራል፤ ሁለት ከፈለገ ሁለት ጣት ያሳያል፤ በቃ።

የሚስቁበት ሰዎች ብዙም አያንገበግቡትም። የሚስቅ ሰው ይስቅና ይሄዳል። አንጀቱን ያሳረሩት ደጎቹ ናቸው፤ ሊያግዙት ብለው ቃሉን ከአፉ ነጥቀው የሚጨርሱለት። አንድ ቀን አንዲት ሴትዮ ጥርሱ ያለቀ የበር ቁልፍ አመጣች። ያለቀ ቁልፍ ቢገለበጥ የሚወጣው ያለቀ ቁልፍ ነውና ዋናውን እንድትፈልግ ሊነግራት «ይሄ ቁልፍ አ... አ...» ሲል፣ «አዎ፣ አንድ ብቻ ነው የምፈልገው» ብላ ፈገግ አለችለት። በሯ እምቢ ሲላት ተመልሳ መጥታ በሰው ፊት ልክ ልኩን ነገረችው። ምን እንደተፈጠረ ሊያስረዳ ገና አፉን ሲከፍት ደግሞ፣ ይቅርታውንም እሷው ጠይቃለት፣ እሷው ተቀብላው ሄደች።

ሚስቱም ያው ናት። ፀጉር ሠሪ ናት፤ እጇና አፏ እኩል የሚሠሩላት። ባሏን ትወደዋለች፤ ሲጨነቅ ማየት አንጀቷ አይችልም። ስለዚህ ከሥራ ገብቶ «ዛሬ ሱቅ ው...» ሲል፣ «ውሃ ጠፋ? ውል አምጣ አሉህ? ውጭ ሰው ተጣላ?» እያለች ትደረድርለታለች። እሱም ሲደክመው ከተደረደሩለት አንዱን መርጦ ራሱን ይነቀንቃል። እውነት ሆነ አልሆነ ግድ መስጠቱን ከተወ ቆይቷል። እንዲህ እንዲህ እያለ፣ ሚስቱ ከምታውቀው የባሏ ሕይወት ግማሹን የፈጠረችው ራሷ ሆነች።

እትዬ ባቡር ወደ ሱቁ የመጡት የቤታቸው ቁልፍ በሩ ውስጥ ተሰብሮ ስለቀረባቸው ነው። ዕድሜያቸውን በሙሉ ባቡር ጣቢያ ድምፅ ማጉያ ፊት ተቀምጠው የባቡር መምጫና መሄጃ ሲናገሩ የኖሩ ጡረተኛ ናቸው። ስሙም የወጣላቸው ከዚያ ነው። ድምፃቸው አሁንም ያው ነው፤ ደህና ዋላችሁ ሲሉ ሰው ሳያስበው ሻንጣውን ይፈልጋል። ቁልፌ የመቆለፊያው ሆድ ዕቃ እንደተበላ፣ ቁልፍ ብቻ መቀየሩ እንደማያዋጣ ሊነግራቸው ጀመረና እንደ ልማዱ ተያዘ። ቃላቸውን እስኪያቀርቡለት ጠበቀ። እሳቸው ግን ባንኮኒው ላይ ክርናቸውን አስደግፈው ዝም አሉ።

«ጨርስ ልጄ» አሉት ቆይተው። «ስንቱ ባቡር ዘግይቶ ሰው ሳስጠብቅ ኖሬያለሁ። አንድ ቃል ብጠብቅ ምን እሆናለሁ?»

እስከ መጨረሻው ነገራቸው። ከዚያ በኋላ ስለ መቆለፊያው ሳይጠይቁት፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ምን እንደሚሠራ ጠየቁት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በዚያው ሰፈር ያለው ላውንደሪ ቤት ይዘጋል፤ የሚከፈተው የኋላው ክፍል ነው። እዚያ ሰፊው የመተኮሻ ጠረጴዛ አለ፤ ከላዩ የሰው ኮትና ቀሚስ በላስቲክ ተሸፍኖ ተንጠልጥሏል፤ ክፍሉ እንፋሎትና ሳሙና ይሸታል። በጠረጴዛው ዙሪያ የሚቀመጡት ጥቂት ሰዎች ሳምንቱን በሙሉ ተራ ሰዎች ናቸው። ቅዳሜ ግን ይበርራሉ፣ ግድግዳ ያልፋሉ፣ ከተማ ያድናሉ።

ጨዋታው የድሮ ነው። ኮምፒውተር የለበት፣ ስክሪን የለበት፤ ወረቀት፣ እርሳስና የሚወረወር ባለ ቁጥር ዳይስ ብቻ። ሕጉ የተጻፈባት ቀጭን መጽሐፍ እትዬ ባቡር በወጣትነታቸው የገዟት ናት። ሽፋኗ ላይ ቀይ ካባ ያጠለቀ፣ ቁምጣውን ከሱሪው በላይ የለበሰ ጎረምሳ እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቷል፤ ቀለሙ ከመስመር ወጥቶ የካባው ቅላት ጆሮው ላይ ፈስሷል። አንዱ ሰው ተራኪ ይሆናል፤ ከተማዋን፣ ሕዝቡንና ክፉውን ሰው የሚናገረው እሱ ነው። ሌሎቹ አንዳንድ ልዕለ ጀግና ይይዛሉ። ተራኪው «ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል፤ ተጫዋቹ ጀግናው የሚያደርገውን ይናገራል፤ መሳካት አለመሳካቱን ዳይሱ ይፈርዳል።

በዚያ ዘመን ጀግናም ክፉም ይሉኝታ ነበራቸውና፣ መጽሐፏ ዛሬ የሚያስቁ ሁለት ሕጎች አሏት። አንደኛው፣ ክፉው ሰው ዕቅዱን ከሥር እስከ ጫፍ ሳይናገር ምንም አያደርግም፤ እሱ ተናግሮ ሳይጨርስ ደግሞ ማንም ጀግና ጣቱን አያነሳበትም። ሁለተኛው፣ በጠረጴዛው ዙሪያ ከማንም አፍ የወጣ ነገር ሆነ ማለት ነው። ቀልዴን ነው፣ አምልጦኝ ነው ብሎ ነገር የለም።

ለቁልፌ መድኃኒት የሆነው ይህ ሁለተኛው ሕግ ነው። የእሱ ተራ ሲደርስ ሁሉም አፉን ይሰበስባል፤ ሰው ሳያስበው የወረወረው ቃል ጀግናውን ገደል ሊከተው ይችላላ። የቁልፌ ጀግና የብረት ጆሮ ነው፤ ከተማው ዳር የወደቀች መርፌ መሃል ከተማ ሆኖ የሚሰማ። የመጀመሪያው ቅዳሜ «የብ... የብረት ጆሮ ጣሪያው ላይ ወ... ወጥቶ ያዳምጣል» ብሎ ሲጨርስ፣ ሁሉም እርሳሱን እንደያዘ እየጠበቀው ነበር። ያን ቀን ወደ ቤቱ ሲሄድ ደስታው ደረቱ አልበቃው ብሎ ሁለት ጊዜ መንገድ ሳተ። ከዚያ ወዲህ ሳምንቱ ለእሱ ቅዳሜ ብቻ ሆነ። በዓለም ላይ የጀመረውን ዓረፍተ ነገር ራሱ የሚጨርስበት ቦታ ያ የመተኮሻ ጠረጴዛ ብቻ ነበር።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ እትዬ ባቡር ጉልበታቸው የቤታቸውን ደረጃ እንቢ እንዳላቸው፣ ሌላ ከተማ ያለችው ልጃቸው ጋ ሊገቡ እንደሆነ ተናገሩ። ሁልጊዜ ተራኪዋ እሳቸው ነበሩ። ሾፌሩ አንገቱን ደፋ። የከተማ አውቶቡስ የሚነዳ ግዙፍ ሰው ነው፤ ጀግናው ጭልፊት ይባላል፣ ይበርራል። ባለላውንደሪዋ እንባዋን በሰው መሐረብ ጠረገች፤ ሊታጠብ የመጣ ነው። የእሷ ጀግና ጥላ ናት፤ ጥላ ባለበት ሁሉ ትገባለች።

«ወንበሩን እኔ እይዘዋለሁ» አለ ራዲዮ፤ ሁሉም እፎይ አለ።

ራዲዮ ኢንሹራንስ ሻጭ ነው። ምላሱ የማይያዝ፣ ሳቂታ፣ ያለውን የሚያካፍል ሰው ነው፤ ክፋት የሚባል አልፈጠረበትም። ከኤሌክትሪክ ገመድ ኃይል የሚስብ መብረቅ የሚባል ጀግና አለው። ችግሩ አንድ ነው፤ የሰው ንግግር ሳያልቅ መጨረሻው ይታየዋል። ስንት ጊዜ ቁልፌ አፍ ላይ ገብቶ፣ እትዬ ባቡር «አልሰማሁም» እያሉ አልፈውታል። ሕጉን ሙሉ በሙሉ ቢያስከብሩ ኖሮ የራዲዮ ጀግና ከስንት ፎቅ ወድቆ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እትዬ ባቡር ዕቃ ሲያስሩ ቀሩና ራዲዮ ተራኪ ሆነ። እውነት ለመናገር አሳቃቸው። ከተማዋን ፍሬን እንደሌለው አውቶቡስ አስጋለባት። ተራው ቁልፌ ላይ ሲደርስም «የብረት ጆሮስ ምን ያደርጋል?» ብሎ ጠየቀ።

«የ... የብ... የ...»

«የሌባውን ኮቴ ሰማ! ተከተለው! ጎበዝ!» አለና ወደ ሾፌሩ ዞረ።

ከተራኪው አፍ የወጣ ደግሞ ሆነ ማለት ነው። ሁለተኛው ተራም እንዲሁ አለፈ፤ ሦስተኛውም። ቁልፌ ያን ቀን አንድም ዓረፍተ ነገር ሳይጨርስ ኮቱን ለበሰ። ማንም አላስተዋለም። መንገድ ላይ ያ ሁሉ የልጅነት ነገር፣ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ቀሪ መባሉ፣ ተመልሶ መጣበት። ጠረጴዛው እንዲህ ከሆነ፣ ከእንግዲህ እሱ የሚናገርበት ቦታ የለም ማለት ነው። ይህን ሲረዳ እግሩ ወደ ቤቱ መሄዱን ትቶ ወደ እትዬ ባቡር ቤት ወሰደው።

በካርቶን መሃል ቆመው አገኛቸው። የሚቀመጥበት አልነበረምና ቆሞ ተናገረ።

«ወ... ወንበሩን እኔ ነኝ የ... የምፈልገው።»

እትዬ ባቡር አላደነቁትም፣ አላጽናኑትምም። የያዙትን ሳህን በጋዜጣ ጠቅልለው ጨረሱና፣ «ተራኪ ብዙ ያወራል። ክፉውስ? ዕቅዱን ከሥር እስከ ጫፍ ማን ሊናገርልህ ነው?» አሉት።

«እኔ» አለ። ይህቺ ቃል ያለ ምንም እንቅፋት ወጣች።

እትዬ ባቡር ወዲያው ስልክ አነሱ። የሚመጣው ቅዳሜ ቁልፌ እንደሚተርክ፣ ከዚያ በኋላ ጠረጴዛው አንዱን እንደሚመርጥ፣ እሳቸውም ለመሰናበቻ መጥተው የብረት ጆሮን ይዘው እንደሚጫወቱ ለሁሉም አስታወቁ። እንደ ባቡር ማስታወቂያ ነበር፤ ይግባኝ የለውም።

ራዲዮ አላኮረፈም። እንዲያውም በማግስቱ ሱቁ ድረስ መጥቶ ትከሻውን አቀፈው። «ወንድሜ፣ እንዳትጨነቅ። አጠገብህ ነኝ። ሲይዝህ እኔ አግዝሃለሁ» አለው። ይህን ያለው ከልቡ ነው። ቁልፌ ግን ዞሮ ማሽኑን አስጮኸው።

ሚስቱም ነገሩን ስትሰማ ማበጠሪያዋን አስቀመጠች። ይስቁብሃል፣ ቅስምህ ይሰበራል፣ የግድ ካልክ እኔ አጠገብህ ተቀምጬ የጻፍከውን ላንብብልህ አለችው። በፍቅር ነው ያለችው፤ ያናደደውም እሱ ነው። ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ። እሷ ግን እሺ ያለ መሰላትና የምትለብሰውን ማሰብ ጀመረች፤ ለማስተባበል እስከ እራት ድረስ ፈጀበት።

ሳምንቱን ማሽኑን እያስጮኸ ተለማመደ። ክፉ ሰው ፈጠረ፤ ስሙንም ባለ ሺህ ቁልፍ አለው። ኮቱ ከላይ እስከ ታች ቁልፍ የተሰፋበት፣ ሲራመድ የሚንቀጫቀጭ፣ ምንም ነገር የሚቆልፍ ቁልፍ የሠራ ሰው። የከተማዋን መንገድ ሁሉ ሊቆልፍ ነው። የትኛው መንገድ መጀመሪያ እንደሚቆለፍ፣ አውቶቡሶቹ የት እንደሚቆሙ፣ ሾፌሩ ደስ እንዲለው ጭልፊት የቱጋ እንደሚበርር፣ ሁሉንም አሰናዳ። ቁልፍ ሲቀርጽ እንኳ ይህን ያህል ለክቶ አያውቅም።

ቅዳሜ ደረሰ። የተራኪው ወንበር ላይ ሲቀመጥ ጉልበቱ ጠረጴዛውን መታው።

ጅማሬው አያምርም ነበር። ከተማዋ እንደነጋባት ለመናገር ብቻ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተለጠፈ። ባለላውንደሪዋ ጠረጴዛውን በመዳፏ መደልደል ያዘች፤ ሾፌሩ የተንጠለጠሉትን ኮቶች ይቆጥር ይመስል ቀና አለ። ቁልፌ ያንን ፊት ያውቀዋል። እያዘኑለት ነው። ቢስቁበት ይሻለው ነበር። እንደምንም ባለ ሺህ ቁልፍን ድልድዩ ማማ ላይ አወጣውና እጁን አስዘረጋው።

«የዚህች ከ... ከተማ ሰዎች! ዛሬ የምቆልፍባችሁ መ... መ... መ...»

መንገዳችሁን ሊል ነው። ቃሉ እዚያው ነው፣ ይታየዋል። ራዲዮ ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ፤ አሁንስ አልቻለም።

«መብራታችሁን!» አለ።

ሾፌሩ ዓይኑን ከኮቶቹ አወረደ። ቁልፌ እትዬ ባቡርን አያቸው። «አልሰማሁም» የማለት ልማድ የእሳቸው ነበር፤ ዛሬ ግን ወንበሩ የእሳቸው አይደለም፤ ጥፍራቸውን ማየት ያዙ። ቁልፌ የሳምንት ልፋቱን አሰበ። ማስተካከል ይችል ነበር፤ አይ፣ መንገዳችሁን ነው ቢል ማንም አይከራከረውም። ወይም እንደ ሁልጊዜው ሰው ያቀረበለትን ቃል ተቀብሎ ራሱን መነቅነቅ። ራሱን ነቀነቀ። ግን በዚህ መነቅነቅ ውስጥ መሸነፍ አልነበረም። ሆዱ ውስጥ እንደ ሳቅ ያለ ነገር ተነስቶ ነበር።

«መ... መብራታችሁን» አለ ቀስ ብሎ። «ከአፍ ወጥቷል። ሆ... ሆነ።»

ባለ ሺህ ቁልፍ ቁልፉን አየር ላይ ከተተና አዞረው። የመንገድ መብራቶች ጠፉ። ሱቆች፣ ፎቆች፣ የመኪና ፋኖሶች ሁሉ ጠፉ። ፀሐይዋ እንኳ ቀጭ ብላ ተቆለፈች።

«መብረቅ ኃይሉን የሚያገኘው ከምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ እትዬ ባቡር፤ የማያውቁ ይመስል።

ራዲዮ መልሱን ጀመረና ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። መብረቅ በዚያች ሰዓት ከከተማው ከፍተኛ ፎቅ ላይ እየዘለለ ነበር። ቁልፌ በእርጋታ፣ ቃል በቃል፣ አወረደው፤ የሽንኩርት ጋሪ ላይ ነው ያረፈው። ሾፌሩ እየሳቀ ጠረጴዛውን ሲደበድብ ዳይሱ ዘለለ። ባለላውንደሪዋም አብራ ስትስቅ ቆይታ፣ ድንገት ብርሃን በሌለበት ጥላ እንደማይኖር ትዝ ሲላት እርሳሷን አስቀመጠች። ጀግናዋ የለችም ማለት ነው።

«እኔ እኮ ላግዝህ ብዬ ነው!» አለ ራዲዮ።

«አ... አውቃለሁ» አለው ቁልፌ። «አመሰግናለሁ።»

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ሾፌሩ እስከ ዛሬ አውቶቡስ ውስጥ ያወራል። ጠረጴዛው ላይ እንዲያ ያለ ዝምታ ታይቶ አይታወቅም። ቁልፌ «ከጀርባችሁ የ... የ... የ...» ሲል ማንም ቃል አላቀበለውም። የእርምጃ ድምፅ ይሁን፣ የውሻ ይሁን፣ ሁሉም በየልቡ ገመተ፤ አንዱም ደፍሮ ከንፈሩን አላላቀቀም። ጨለማ ውስጥ ቆመው፣ አከርካሪያቸው ቀዝቅዞ፣ ቃሉ እስኪመጣ ጠበቁ። ንግግር የሚያውቅ ሰው ይህን ዓይነት ፍርሃት ለማምጣት ስንት ይደክማል። ለቁልፌ ግን ዕድሜውን ሙሉ ሲያፍርበት የኖረው ነገር አመጣለት። ያሰናዳው ሁሉ መንገድ ላይ ቀርቷል፤ የሚናገረው እዚያው የሚወለድ ነው፤ እሱ ግን ከዚያ በፊት እንዲያ ሞቅ ብሎት አያውቅም።

በጨለማው የሚጠቅም ጀግና አንድ የብረት ጆሮ ብቻ ነበር። እትዬ ባቡር የቁልፎቹን መንቀጫቀጭ እያዳመጡ፣ ጭልፊትንና መብረቅን እንደ ባቡር ፉርጎ ከኋላቸው አሰልፈው፣ ክፉው ሰው ከድልድዩ ወርዶ የተሸሸገበት የውሃ ማማ ሥር አደረሷቸው። ባለ ሺህ ቁልፍ ተከበበ። ሾፌሩ ዳይሱን ጨብጦ ተነሳ።

«ገና ነው» አለ ቁልፌ። «ይናገራል።»

ሕግ ነው። ሾፌሩ ተቀመጠ። ክፉው ሰው ደግሞ እንደ ዘመኑ ክፉ ሰዎች ሁሉ ሊፎክር ሲል ምስጢሩን የሚያወጣ ነው።

«ሞኞች! መብራታችሁን የቆለፍኩበት ቁልፍ ያ... ያለው በ... በ...»

እዚህ ላይ ቁልፌ ተያዘ። ብዙ ተይዞ ያውቃል፤ እንደዚህ ግን አይደለም። አፉ ተከፍቶ ቀረ፤ ድምፅ የለም። ራዲዮ ሁለት እጁን አፉ ላይ ጫነ፤ ዓይኑ ሊወጣ ደረሰ። በባሕር ውስጥ ብሎ አንዱ ቢያመልጠው ቁልፉ ባሕር ገባ ማለት ነው፤ ከተማዋ ለዘላለም ጨለማ ናት። በፊተኛው ክፍል የላውንደሪው ስልክ ጮኸ፣ ጮኸ፣ ማንም ሳያነሳው ተወ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ቁልፌ ቃሉን ጥሎ በአቋራጭ ሌላ ቃል ይፈልግ ነበር። አሁን ግን አልቸኮለም። አፉ እንደተያዘ ዙሪያውን አየ። ሁሉም ወደ እሱ ዘንበል ብለዋል። ፊታቸው ላይ ማዘን የሚባል ነገር አልነበረም። ቃሉን ፈልገውት ነው፤ የእሱን ቃል።

«በኪሴ ነው» አለ።

ባለላውንደሪዋ ጮኸች። ሾፌሩ እየሳቀ ሲነሳ ወንበሩ ወደ ኋላ ሄደ፤ «ጭልፊት ነኝ!» ብሎ ዳይሱን ወረወረ፤ ጥሩ ወጣለት። ቁልፉ ከኪሱ ወጣ። ቁልፌ መብራቱን በየመንገዱ፣ በየሰፈሩ፣ በየመስኮቱ እያበራ ተረከላቸው። ረዘመ። ያሳጥርልን ያለ ሰው አልነበረም።

ሲያልቅ ራዲዮ ፊቱን በሁለት እጁ አሸት አሸት አደረገ። «እኔ ይህን ያህል ጊዜ አፌን ዘግቼ አላውቅም» አለ። «ወንድሜ፣ ስንት ጊዜ ነው እንዲህ ያለ ነገር ከአፍህ ሳላስጨርስህ የቀረሁት?» መልሱንም ለመጀመሪያ ጊዜ ጠበቀ። ቁልፌ ብዙ ጊዜ እንደሆነ ነገረው። ራዲዮ ቀላ፣ ወንበሩ ያንተ ነው አለ፣ ተቃቀፉ። ሾፌሩም የሚመጣው ቅዳሜ ፈረቃ መቀየር እንዳለበት ማስላት ጀመረ፤ ሌላ ምርጫ አላስፈለገም።

እትዬ ባቡር ሲሰናበቱ እጁን ይዘው ቆዩ።

«እኔ ባቡር በዘገየ ቁጥር ይቅርታ እጠይቅ ነበር» አሉት። «አንተ እንዳትጠይቅ።»

ቤቱ ሲገባ ሚስቱ እራት እያቀረበች ነበር። ቀና ብላ አየችው፤ ሸሚዙ ርሷል፣ ዓይኑ ቀልቷል። በቃ፣ ሁሉም ነገር ገባት። አልሆነም አይደል አለችው። ሳቁብህ። ያ ራዲዮ ነው፣ እኔ መጀመሪያም አልወደድኩትም፤ ወንበሩን ወሰደብህ፣ አንተም ተነስተህ ወጣህ፣ ይኼን ሁሉ መንገድ በእግርህ እያለቀስክ መጣህ። ባለላውንደሪዋን ደግሞ ነገ አገኛታለሁ፣ ፀጉሯን ስሠራላት የኖርኩት ለዚህ ነው ወይ እያለች፣ ስለ እሱ እውነተኛ እንባ አለቀሰች።

ቁልፌ እስከ መጨረሻው አዳመጣት። ጥሩ ታሪክ ነበር፤ ሌላ ቀን ቢሆን ራሱን ነቅንቆ እራቱን ይበላ ነበር።

«ጨረስሽ?» አላት።

ደንግጣ ጨርሻለሁ አለች።

«ቁ... ቁጭ በይ። የሆነውን እኔ ነኝ የ... የ...»

አፏ ተከፈተ። ቁልፌ መዳፉን ቀስ ብሎ አነሳ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ቆይ ብቻ ነበር። ሚስቱ አፏን ዘጋች። ዝም ማለቱ ምን ያህል እንደከበዳት አየ፤ ከንፈሯ ነጥቷል፤ ሁለት እጇን ጉልበቷ መሃል ቀርቅራ፣ ከተጋቡ ጀምሮ እንዲህ አይታው በማታውቀው ዓይን አፍ አፉን ታየዋለች። ጠበቀችው።

«... የምነግርሽ» አለ።

ነገራት። ድልድዩን፣ ማማውን፣ የሽንኩርት ጋሪውን፣ የራዲዮን ዓይን፣ ጮሆ ጮሆ የተወውን ስልክ። በየመሃሉ እየተያዘ፣ እየቆመ፣ እየቀጠለ። ቁልፉ ያለው «በ...» ያለበት ቦታ ላይ ሲደርስ አሁንም ተያዘና፣ ሚስቱ የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨብጣ ትንፋሿን ዋጠች። እራቱ ቀዘቀዘ። እሷ አንድም ቃል ሳታቀብለው፣ የባሏን አንድ ሙሉ ቅዳሜ ከራሱ አፍ ሰማች።